ስድስት ሜትሩን ሳንለካ ወደ ሚሊሜትሩ

ይቺ ረዘም ትላለች፤ ቡናችሁን አፍልታችሁ አንብቧት። የማትስማሙ ካላችሁ ጻፉብኝ፣ ብቻ ጨርሳችሁ።

ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ ውስጥ ወላጅ የሆኑት ተራ በተራ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይልኩልኛል። "ቲቸር፣ የልጄ የመነጽር ቁጥር ጨመረ። የዓይኑን ርዝመት አስለኪ አሉኝ። አዲስ አበባ ይዤው ልሂድ ወይ?" አንዷማ ከእቁብ ቀድማ ልታነሳ ተነጋግራ ጨርሳለች፤ መንገዱ ሰላም የሆነ ቀን አባይን ተሻግራ ልትወስደው። ቪዲዮውን የላከችልኝ እሷው ናት። ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው፣ ከኋላው የሚያምር ማሽን፣ ከሥሩ በትልቁ "የልጅዎን የዓይን ርዝመት ያውቃሉ?"

እኔ የዓይን ሐኪም አይደለሁም፣ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ነገር ግን የዚህ ጉዳይ ግማሹ ፊዚክስ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ትምህርት ቤት ነው። ሁለቱም የእኔ ሰፈር ስለሆኑ ዝም አልልም።

አቋሜን ከፊት ላስቀምጥ። የዓይንን ርዝመት መለካት እውነተኛ ሳይንስ ነው። እኛ ዘንድ እየተወራ ያለበት ቅደም ተከተል ግን የተገለበጠ ነው። አንድ ልጅ በስድስት ሜትር ርቀት ላይ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ለክተን የማናውቅ ሰዎች፣ ዘልለን ወደ ሚሊሜትር መቶኛ ገብተናል። መሠረቱ ሳይቆም ጣሪያ ልናለብስ ነው።

መጀመሪያ ፊዚክሱ፤ እናንተ ልጆች ደብተር አውጡ። ዓይንን 60 ዳይኦፕተር ገደማ ጉልበት ያለው አንድ ሌንስ አድርጋችሁ ውሰዱት። ውስጡ አየር ሳይሆን ውሃ መሰል ነገር ስለሆነ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክሱ 1.336 ነው። 1336ን ለ60 አካፍሉ፤ 22.3 ገደማ ይመጣል። ከሩቅ የመጣ ብርሃን ከሌንሱ 22.3 ሚሊሜትር ላይ ይሰበሰባል ማለት ነው። ሬቲናው እዚያው ላይ ካለ ልጁ ጥርት አድርጎ ያያል። አሁን ዓይኑን በአንድ ሚሊሜትር ብቻ አስረዝሙት። ብርሃኑ ሬቲናው ላይ ሳይደርስ ፊት ለፊቱ ይሰበሰብና የሩቁ ነገር ይደበዝዛል። 1336ን ለ23.3 ብታካፍሉ 57.3 ታገኛላችሁ። ልዩነቱን እዩት፤ የአንድ ሚሊሜትር ዕዳ ከሁለት ተኩል በላይ ቁጥር መነጽር ነው። ማዮፒያ የሚባለው በአብዛኛው ይሄው ነው። ቅርቡን አጥርቶ ሩቁን የሚያደበዝዝ፣ ከመጠኑ የረዘመ ዓይን።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ዓይን ከፊት እስከ ኋላ 17 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ የአዋቂ ሰው 23 ተኩል፣ 24። ስለዚህ የሁሉም ልጅ ዓይን ይረዝማል፤ ችግሩ ማቆም ባለበት ሰዓት አልቆም ሲል ነው። 26 ሚሊሜትርን አልፎ ከሄደ ሬቲናው እንደ ተወጠረ ጨርቅ ይሳሳል፤ በኋለኛ ዕድሜ ሬቲና የመላቀቅ፣ የማዕከላዊ ዕይታ የመጎዳትና የግላኮማ አደጋው ይጨምራል። መነጽር ምስሉን ቦታው ላይ ያስቀምጣል እንጂ የረዘመውን ዓይን አያሳጥርም። ርዝመት ይለካ የሚሉት ሰዎች ክርክር እዚህ ላይ የቆመ ነው፤ ክርክሩም ጠንካራ ነው። "ቁጥሩ ልጁ ዓይኑን ሲያጨናንቅ ይለዋወጣል፣ ርዝመቱ ግን አይዋሽም" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። (ብሌን የሚከፍትና የዓይኑን ጡንቻ የሚያሳርፍ ጠብታ ተደርጎ ሲለካ ቁጥሩም ቢሆን እምብዛም አይዋሽም። ጠብታ ሳይደረግለት በአምስት ደቂቃ መነጽር የታዘዘለት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ግን መጀመሪያ የምትጠይቁት ይሄንን ነው።)

ታዲያ ምኑ ነው የሚያናድደኝ?

መለኪያው ነው አንዱ። እኛ አካባቢ የዓይን ርዝመት ሲለካ ያየ ሰው ካለ፣ ያየው የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በሚጠብቁ አዛውንት ላይ ነው። በሞራው ፋንታ የሚገባው ሌንስ ቁጥር የሚሰላው በርዝመቱ ነውና። ይሄ ሥራ ለረጅም ጊዜ የተሠራው ኤ-ስካን በሚባል የአልትራሳውንድ መሣሪያ ነው፤ ማደንዘዣ ጠብታ ይደረግና ጫፉ የዓይኑን ፊት ይነካል። ትንሽ ጫን ካደረጉት ዓይኑ ይጨፈለቅና አጥሮ ይነበባል። በጥሩ እጅ እንኳን የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ይሳሳታል፣ በችኩል እጅ ከዚያም በላይ። ለሞራ ቀዶ ሕክምና ይሄ ይቻላል። ማዮፒያ ያለበት ልጅ ዓይን ግን ዓመት ሙሉ የሚረዝመው 0.2፣ 0.3 ሚሊሜትር ነው፤ የሌለበት ልጅም 0.1 አካባቢ ይረዝማል። ላብራቶሪ ውስጥ ስንት ጊዜ ነው የነገርኳችሁ? የመለኪያው ስህተት ከሚለካው ነገር ጋር እኩል ከሆነ የያዛችሁት ወሬ እንጂ ልኬት አይደለም። በኤ-ስካን በጥር ተለክቶ በሐምሌ "0.1 ረዝሟል" የተባለ ልጅ፣ ረዝሞ ይሁን እጅ ከብዶበት ማን ያውቃል!

በብርሃን የሚለካው ማሽን ሌላ ነው። ዓይን አይነካም፣ ልጁ አንዲት ነጥብ ሲያይ ያልቃል፣ ደግመው ቢለኩት ልዩነቱ የሚሊሜትር መቶኛዎች ብቻ ነው። የመጀመሪያው፣ የዛይስ ኩባንያ አይኦኤል ማስተር፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው ገበያ የወጣው። ግሩም መሣሪያ ነው። ዋጋው ግን የአንድ ወረዳ ትምህርት ቤቶችን ልጆች በሙሉ መርምሮ መነጽር የሚያስገዛ ነው። ማሽን ተገዝቶ እንዲቀመጥ ሳይሆን እንዲሠራ ነው፤ ወጪውን የሚመልሰው ደግሞ ብዙ ልጅ ሲለካበት ነው። ቪዲዮው ለምን እንደተሠራ አሁን ገባችሁ?

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም። የልጅሽ ዓይን 24 ሚሊሜትር ነው ብትባይ ምን ታደርጊበታለሽ? ኮርኒያው ዘርጋ ያለ ከሆነ 24 ሚሊሜትር ሆኖ መነጽር የማያስፈልገው ልጅ አለ። ኮርኒያው የጎበጠ ከሆነ ደግሞ በ23ም ሩቁ የሚደበዝዝበት አለ። ትርጉም የሚሰጠው በየጊዜው የተለካው ተደርድሮ ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ሲነጻጸር ነው። በስፋት የሚጠቀሱት የማነጻጸሪያ ሰንጠረዦች ደግሞ ከአውሮፓና ከቻይና ልጆች የተቀዱ ናቸው፤ የሮተርዳም ልጆች አሉበት፣ የጎዛምን ልጅ የለበትም። የአንድ ቀን ልኬት ይዛ ከአዲስ አበባ የምትመለሰዋ እናት በእጇ ያለው ደረሰኝ ነው።

ሦስተኛው የባሰ ነው። ተለካ እንበል፣ በጥሩ ማሽንም ይሁን፣ መርዘሙም ይረጋገጥ። ቀጥሎስ? ሌላው ዓለም ርዝመት የሚለካው የሚሰጠው ነገር ስላለው ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ዝቅተኛ መጠን ያለው አትሮፒን ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቷል፤ ከሦስቱ መጠኖች የተሻለው 0.05 ፐርሰንቱ ነበር። የዓይኑን መርዘም የሚያዘገዩ ልዩ የመነጽር ሌንሶችም አሉ። እነዚህ በሌሉበት የሚሰጠው ልኬት ፍርሃት ብቻ ነው የሚሆነው። የፈራ ወላጅ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። እባካችሁ፣ 1 ፐርሰንቱን አትሮፒን እቤት በውሃ አቅጥኖ ልጅ ዓይን ውስጥ የሚጨምር እንዳይኖር። ይሄን የምለው ጥያቄው ስለመጣልኝ ነው።

አሁን ወደ ስድስት ሜትሩ።

በዚሁ በእኛው በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። 432 ልጆች ተመረመሩ። 44ቱ፣ ማለትም 10.2 ፐርሰንቱ፣ በመነጽር ሊስተካከል የሚችል ግን ያልተስተካከለ የዕይታ ችግር ነበረባቸው። ትልቁን ድርሻ የያዘው ማዮፒያ ነው። መምህራን፣ ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ይሄ ስንት እንደሆነ አስሉት። ስድስት ልጅ! በ1998 ዓ.ም. አካባቢ የተደረገው አገር አቀፍ የዓይን ጥናትም ከዕይታ መቀነስ ምክንያቶች ውስጥ 33.4 ፐርሰንቱ ያልተስተካከለ የዕይታ ጉድለት እንደሆነ አሳይቷል። አንድ ሦስተኛው፣ መድኃኒቱ ሁለት ቁራጭ ሌንስና አንድ ፍሬም የሆነ ችግር።

እነዚያን ስድስት ልጆች አውቃቸዋለሁ። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ፣ አብራችኋቸው ተምራችኋል። ሰሌዳውን ትቶ ከጎኑ ካለው ልጅ ደብተር የሚገለብጠው። መምህሩ ዞር ሲል ተነስቶ ሁለት እርምጃ ወደፊት የሚመጣው። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ስለሚያይ "ምን ያፈጥብኛል" ተብሎ የሚቆጡት። ጥያቄ በቃል ሲጠየቅ የሚመልስ፣ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ የሚወድቅ። መዝገቡ ላይ ምን ተብሎ ይጻፍለታል? "ደካማ።" ሴቷ ከሆነች ደግሞ "ዝምተኛ፣ ተሳትፎ የላትም።" የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ፐርሰንት ብቻ አለፈ ሲባል አገሩ ሁሉ ተንጫጫ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉንም ዓይን ላይ አልጭንም። ግን ሰሌዳውን ሳያይ 12 ዓመት የተቀመጠው ስንቱ ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ባለሥልጣን አልሰማሁም። ምዕራብ ቻይና ውስጥ ከ250 በላይ ትምህርት ቤቶች ላይ ሞክረውታል፤ ነፃ መነጽር የተሰጣቸው ልጆች የሒሳብ ውጤት ካልተሰጣቸው ተሻለ። ሞግዚት የለ፣ አስጠኚ የለ፣ መነጽር ብቻ።

"አቅም የለንም" እንዳትሉኝ። አማራ ክልል ውስጥ ለትራኮማ ቤት ለቤት ስንት ዓመት ነው የተዞረው! የልጁን ቁመት በዘንግ እየለኩ፣ በቁመቱ ልክ መድኃኒት እየሰጡ፣ ዳገት ቁልቁለቱን የወጡና የወረዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የእኛው ልጆች ናቸው። ጮቄ ሥር ያለ ቀበሌ ድረስ ዘንግ ይዞ የደረሰ ሰው፣ ክርና አንድ ወረቀት ይዞ መድረስ አያቅተውም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦፕቶሜትሪስት እያሠለጠነ ያስመርቃል፤ ባለሙያውም ባዕድ አይደለም። የጎደለው ልጁን ከክፍሉ አውጥቶ ወደ ባለሙያው የሚልከው ሰው ነው። እሱ ደግሞ መምህሩ ነው። እኔና እናንተ።

ከመነጽር ጋር ያለን ጠብ ሌላው ጉድ ነው። "መነጽር ዓይን ያሰንፋል"፣ "አንዴ ከጀመረ አይለቀውም"፣ "ለሴት ልጅ አያምርም"። የተማሩት እንኳን ሐኪሙን "ዓይኑ እንዳይለምድ ቁጥሩን ቀነስ ያድርጉለት" ብለው ይለምናሉ። ማሌዥያ ውስጥ ይሄንኑ ሐሳብ 94 ልጆች ላይ ለሁለት ዓመት ፈትነውት እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። ከልኩ ያነሰ መነጽር የተሰጣቸው ልጆች ዓይን አልዳነም፤ ሙሉውን ቁጥር ካደረጉት ይልቅ ባሰ። ልጁ የሚወጣበት ቁጥር የሚጨምረው መነጽር ስላደረገ ሳይሆን ዓይኑ እያደገ ስለሆነ ነው፤ ጫማው ያጠረው ጫማ ስላደረገ ነው እንደማለት እኮ ነው።

ልጆች ደግሞ "አራት ዓይን" እያሉ ይሳደባሉ። በጎጃም! አራት ዓይና ማለት መጻሕፍቱን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ሊቅ የሚሰጥ ማዕረግ በሆነበት አገር። የኔታ ፊት ይሄን ስድብ የሚደፍር ተማሪ ቢኖር ምን እንደሚጠብቀው አስቡት።

ማሽን ስለማይፈልገው ነገርም ላንሳ፣ ማንም ቪዲዮ ስለማይሠራለት። ከቤት ውጭ መዋል። ጓንግዡ ውስጥ 12 ትምህርት ቤቶች ላይ ተሞክሯል፤ አንደኛ ክፍል ላሉ ልጆች በትምህርት ቀን 40 ደቂቃ የውጭ ጊዜ ተጨመረላቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ማዮፒያ የያዛቸው 30.4 ፐርሰንት ሆኑ፤ ካልተጨመረላቸው ውስጥ ግን 39.5። ታይዋን ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጆች በቀን 120 ደቂቃ ውጭ እንዲሆኑ ትገፋለች። ልብ በሉ፣ ይሄ በዋናነት እንዳይጀምር ይከላከላል እንጂ የጀመረውን አይመልስም፤ ጓንግዡም የዓይኑን ርዝመት ሲለኩት በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያን ያህል ልዩነት አላገኙም። ስለዚህ የጀመረው ልጅ መነጽሩን ያድርግ፣ ያልጀመረው ሜዳ ይውጣ።

እኛ ምን እያደረግን ነው? ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ፀሐይዋ ግንባር ላይ በምትወጣበት ከተማ ተቀምጠን፣ የአራት ዓመት ሕፃን ግቢ በሌለው ኪራይ ቤት ውስጥ ኬጂ እናስገባለን። የጨዋታ ሜዳው መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ስምንት ሰዓት ከትምህርት ይመለሳል፣ የቤት ሥራ። ቅዳሜ አስጠኚ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስልክ። "ልጄ ጨዋ ነው፣ ከቤት አይወጣም" ብሎ መኩራት ከየት መጣ? ከብት ጠብቆ ያደገ አባት እኮ ነው እንዲህ የሚለው። ይሄንኑ ልጅ ነው አባይ አሻግረን ዓይኑን በሚሊሜትር የምናስለካው።

ርዝመት መለካት ማንም አያስፈልገውም እያልኩ አይደለም። ገና ስምንት ዘጠኝ ዓመቱ ሆኖ ቁጥሩ ከአምስት ስድስት ያለፈ፣ ወይም በየዓመቱ አንድ አንድ እየጨመረ የሚሄድ፣ ወይም ወላጆቹ ሁለቱም ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ ልጅ ካላችሁ፣ ሂዱ። ሬቲናውን የሚያይ ስፔሻሊስት ዘንድ ሂዱ፤ እግረ መንገዱን በብርሃን ማሽን ይለካ፣ ቁጥሩን በወረቀት ተቀበሉ፣ በዓመቱ በዚያው ማሽን ይደገም። እዚያ ላይ ሚሊሜትሩ ዓይን ያድናል። ሪፈራል ሆስፒታሎች ላይም ይሄ ማሽን ከሞራ ቀዶ ሕክምና አልፎ ለልጆች ቢውል ደስ ይለኛል። የልጄ ቁጥር ከአንድ ወደ አንድ ከሩብ ሄደ ብላችሁ ግን እቁብ አታፍርሱ። ለጻፍሽልኝ ልጅም መልሴ ይሄው ነው፦ በጠብታ ይመርመር፣ ሙሉ ቁጥሩን ያድርግ፣ በስድስት ወሩ ይታይ፤ ገንዘቡን ያዥው።

መምህራንና ዳይሬክተሮች፣ መስከረም ላይ ምዝገባ ሲደረግ ይሄን አድርጉ። ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም የፈረንጁን ትልቁን ኢ ፊደል ሳሉ፤ ቁመቱም ወርዱም 17.5 ሚሊሜትር፣ እያንዳንዱ እግርና በእግሮቹ መካከል ያለው ክፍተት 3.5 ሚሊሜትር ይሁን። በማስመሪያ ሥሩት፣ በግምት አይሆንም። ክር ወስዳችሁ ስድስት ሜትር ለኩ፤ ብርሃን ባለበት ኮሪደር ወይ ደጅ ላይ። ልጁ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ይሸፍን፣ አይጫነው። ወረቀቱን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ጎን አዙሩበት፤ እግሮቹ ወዴት እንደሚያመለክቱ በእጁ ያሳያችሁ። ፊደል መቁጠር አያስፈልገውም። ከአምስት ዙር አራቱን ካላገኘ ስሙን ጻፉ፣ ሌላውን ዓይን ቀጥሉ። የወደቀ ሁሉ ማዮፒያ አለበት ማለት አይደለም፤ ሞራም፣ የትራኮማ ጠባሳም፣ ሌላም ሊሆን ይችላል፤ እሱን የሚለየው ባለሙያው ነው። የእናንተ ሥራ ዝርዝሩን ለጤና ጣቢያ መስጠትና በሳምንቱ "ሄደ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነው። እስከዚያው ፊት ወንበር ላይ አስቀምጡት።

ስዕሉን በትክክለኛው ልክ ሠርቼ አትሜዋለሁ። ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ከእኔ ውሰዱ። ደጀን፣ ሉማሜ፣ ቢቸናና ሞጣ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ በሚመጣ ሰው አስይዤ እልክላችኋለሁ፤ ስንት ክፍል እንዳላችሁ ብቻ ጻፉልኝ።